አይታይ፣ አይሸት

በክርክር የሚረታኝ ሰው ገና አልተወለደም። የወላጆች ቀን ዕለት «የኒውክሌር ኃይል ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» በሚለው ክርክር፣ ይጠቅማል ባዩን ሚልኪያስን አፉን አስይዤ ነው የሸኘሁት።

«የኃይል ማመንጫው አንዴ ከፈነዳ ጨረሩ አይታይ፣ አይሸት! ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ልጅ ወተቱን ይጠጣና አንገቱ ላይ ካንሰር ይወጣበታል። ቆሻሻውስ? ቢቀብሩት እንኳ መርዙ ለሺህ ዓመታት አይሞትም!» ስል እናቶች አማተቡ። እማዬማ ጭራሽ አለቀሰች። ጭብጨባው አናቴ ላይ ወጣና ከመድረኩ ስወርድ ደረጃ መኖሩን ረስቼ በክንዴ ወደቅሁ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ያበጠውን ክንዴን ነካ ነካ አድርጋ፣ «ራጅ ትነሳ» አለች።

«ራጅ በምንድን ነው የሚነሳው?» አለች እማዬ።

«በጨረር ነው እናቴ፣ ምንም...»

ነርሷ ሳትጨርስ እማዬ በደህናው እጄ ጎትታ አስወጣችኝ። የት እንደምንሄድ የገባኝ የወጌሻው የጋሽ ኤርገኖ በር ላይ ስንደርስ ነው። እሳቸው ጋ ገብቶ ያልጮኸ ጎረምሳ በሰፈራችን የለም።

«እማዬ በእናትሽ! እኔ ያልኩት የኃይል ማመንጫውን ነው! የራጅ ጨረር እኮ ትንሽ ነው፣ ላፍታ ብቻ ነው፣ ሐኪም ያዘዘው ነው!» እያልኩ ከመድረኩ አስበልጬ ተከራከርኩ።

ጋሽ ኤርገኖ መዳፋቸውን ቅቤ እየቀቡ አዳመጡኝ፣ አዳመጡኝና፣

«ምላስሽስ ደህና ነው፤ ክንድሽን አምጪ» አሉኝ።