የደቻቱ ኮንትሮባንድ

ጉግሳ ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ ባቡርና ጥርጣሬ። ባቡሩን የሚነዳው ከድሬዳዋ ጅቡቲ ነው፤ ጥርጣሬውን ግን የትም ይዞት ይዞራል። አብዮቱ መጥቶ ቀበሌው የጥበቃ ኮሚቴ አባል ሲያደርገው፣ ሊዘፍን ዳር ዳር ለሚል ሰው ከበሮ ማቀበል ሆነ።

የማይወደው ሦስተኛ ነገር ደግሞ ነበረው፤ አስም። ስሙን አያነሳም፣ ሰው እንዲያነሳበትም አይፈልግም። ሌሊት ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲያፏጭ ሚስቱ አስካለማርያም አብራው ቁጭ ብላ ታነጋለች።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችው አንድ ቀን። «ለጉልበቴ መርፌ የሚወጋኝ ቻይናዊው ዶክተር ለአስምም መድኃኒት አለው። ሥርና ቅጠል ተቀቅሎ የሚጠጣ ነው።»

«ሐኪም ቤት ደጃፍ ከታየሁ ነገ ለገሃር ይሰማል። ከባቡሩ አውርደው ትኬት ቆራጭ ያደርጉኛል። ደሞ ቅጠል የምበላ ፍየል ነኝ እንዴ?»

«ክረምቱ ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ደረትህን ሊያዳምጥ አይደል? ያን ጊዜስ ምን ልትሆን ነው?»

«ያን ጊዜ እግዜር ያውቃል» አለና ሲጋራ ለኮሰ። ከመለኮሱ ሳል ጀመረው። ከባቡር መውረድ ለጉግሳ ከሞት አይሻልም፤ ፍርሃቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

አስካለ ጭሱን በነጠላዋ እያራገበች መስኮቱን ከፈተች።

በማግስቱ ከጎረቤቷ ከዚነት ጋር በአጥር ሲያወጉ ዋሉ። ሳቃቸው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሁልጊዜም እንዲሁ ናቸው። ማታ እራት ላይ አስካለ ወሬውን ጣል አደረገች።

«የዚነት ባል ግን ምን ነክቶታል? ጎህ ሲቀድ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ደቻቱ ወንዝ ይወርዳል አሉ።»

የዚነት ባል ዓብዱልአዚዝ ልብስ ሰፊ ነው። እንቅልፍ ወዳድነቱን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ሱቁን አይከፍትም።

«ኮንትሮባንድ ነዋ» አለ ጉግሳ፣ ጉርሻውን ሳይውጥ።

ጎህ ሲቀድ ተከተለው። ደረቁን የደቻቱን አሸዋ ይዘው ትንሽ እንደሄዱ የጉግሳ ደረት ማፏጨት ጀመረ። ዓብዱልአዚዝ ዞር አለ። ጉግሳ ከግራር ጀርባ ተሸጎጠና ለጥቂት ተረፈ። እየተብሰከሰከ ቤቱ ገባ።

«ፉጨትህ ነው የሚያስይዝህ» አለች አስካለ። «በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ሳብ፣ ቀስ ብለህ አውጣ። ሲጋራህም ከሩቅ ይሸታል።»

እውነቷን ነው። ለጤናው ያልተወውን ሲጋራ ለግዳጁ ሲል ተወው። አልጋውንም አቧራ ከሞላው ጓዳ አውጥታ በረንዳ ላይ ዘረጋችለት፤ ከዚያ የጎረቤት በር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እግር እግሩን የምትከተለውን ድመት ታጋልጥሃለች ብላ ለዚነት ሰጠችበት።

ክትትሉ ውሎ አደረ። ሰውየው የሚሠራው ሥራ ጉድ ነው። አሸዋው መሀል ይቆምና ሁለት እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ሰማይ ያነሳል፣ በረጅሙ ይተነፍስና ያወርዳል። ምልክት መሆኑ ጉግሳን አልጠፋውም። እንዳይረሳውም ከግራሩ ጀርባ አብሮ እያነሳ፣ አብሮ እየተነፈሰ፣ አብሮ እያወረደ አጠናው።

ዓብዱልአዚዝ ሲጨርስ ከአንድ ድንጋይ ሥር ፔርሙዝ ደብቆ ይመለሳል። ጉግሳ ሄዶ ያነሳዋል። ቀይ፣ አበባ ያለበት ነው፤ አስካለ ተሰበረብኝ ያለችው የቤታቸው ፔርሙዝም እንዲሁ ነበር። ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ሁሉ መቼም አንድ ዓይነት ነው። ውስጡ ትኩስ፣ ጥቁርና መራራ ነገር አለ። ቀመሰው። ቅጠል ቅጠል ይላል።

ኮንትሮባንዲስት ግን ተንኮለኛ ነው፤ ዛሬ ቅጠል ያሳይና ነገ ውስኪ ያሳልፋል። ስለዚህ ባቡር በማይነዳበት ማለዳ ሁሉ መቅመስ ግድ ሆነ። ተቀባዩ መጥቶ ባዶ ፔርሙዝ እንዲታቀፍ ደግሞ እስከ አተላው ይጨልጠዋል። የሆነውን ሁሉ ለአስካለ ይነግራታል፤ እሷም ሰምታ ወደ አጥሩ ትሄዳለች።

መስከረም ጠባ። የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ለጠፈና «ተንፍስ» አለው። ጉግሳ እንደለመደው በአፍንጫው ሳበ፣ ቀስ ብሎም አወጣ። ሐኪሙ ገረመው።

«ይሄ የጎረምሳ ደረት ነው። ሂድ ንዳ።»

ጉግሳ ቤቱ ሲደርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «አየሽ አይደል?» አላት። «ያለ ቻይና ቅጠል!»

«አየሁ» አለች አስካለ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቀሰችልኝ ብሎ አቀፋት።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩን ይዞ ወደ ጅቡቲ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሰውየውን እጅ ከፍንጅ መያዝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዓብዱልአዚዝ ፔርሙዙን ሊደብቅ ጎንበስ እንዳለ፣ ጉግሳ ከግራሩ ጀርባ ተፈትልኮ አሸዋውን በሩጫ አቋረጠና አንገትጌውን ጨበጠው። ከረጢቱን ገለበጠው። የጨርቅ ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

«ዕቃው የታለ? ለማን ነው የምታቀብለው?» አለው፣ ትንፋሹ እንኳን ሳይቆራረጥ።

ዓብዱልአዚዝ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለና በረጅሙ አዛጋ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ያዝከኝ! ከነገ ጀምሮ እንደልቤ ልተኛ ነው አቦ፤ ፔርሙዙን ለአስካለ መልስላት፣ ቻይናዊው የሰጣት መድኃኒትም ያው የዛሬው የመጨረሻው ነው።»