የመብረቅ ልጅ

ወይዘሮ የሺመቤት አዝማሪ ቤታቸው ውስጥ የሙዚቃ ጌም ካስገቡ ወዲህ ማሲንቆ የሚያዳምጥ ጠፋ። ደንበኛው ሁሉ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ፊት ተሰልፎ የፕላስቲክ ጊታር ቁልፍ መጫን ሆነ ሥራው። በመጨረሻም ወይዘሮ የሺመቤት ቁርጡን ተናገሩ፤ የቅዳሜው መድረክ ከእንግዲህ ጌሙ ብዙ ነጥብ ለሰጠው ሰው ነው።

ቤዛዊት የምትባል ተማሪ ዘጠና ስምንት አገኘች። ሠላሳ ዓመት በዚያ መድረክ የኖረውና ሌላ ሥራ የማያውቀው አዝማሪ አሥራ አንድ።

«ጋሼ፣ ጣትዎ ዛገ እንዴ?» አለ አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አንድ ዕድል ቀርቶልሃል፤ ከዚያ ወዲያ መድረኩን እርሳው» አሉት ወይዘሮ የሺመቤት፣ ዓይኑን ላለማየት ብርጭቆ እየወለወሉ።

አዝማሪው ጊታሩን ወንበር ላይ አጋደመው። አባቱ በልጅነቱ ያስተማረው አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ጌታ ፊት ስትቆም አስቀድመህ ዘሩን ጥራ። ማሲንቆውን አነሳ፤ ለስክሪኑም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«አባትህ መብረቅ ነው፣ እናትህ ደመና፣
እንዲህ ያለ ጌታ ከየት ይገኝና!»

አንድም ቁልፍ አልተነካም። ስክሪኑ ጥቂት ተርገበገበ፤ ቀላ፤ ከዚያም «መቶ ከመቶ» ብሎ ጻፈ።

ቤዛዊት ተነሥታ ወደ አዝማሪው ጆሮ ጠጋ አለችና ስክሪኑን በዓይኗ እየጠቆመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ የአያቱን ስም ያውቁታል?»