ፊቱን ያዞረው የቤት ጌታ

«ጀልባው ዛሬ አይሄድም። ባሕሩ ተቆጥቷል» አሉ የወደቡ ሰዎች።

ሌይማሪ ይህን ስትሰማ ልጇን እንደታቀፈች ወደቡ ላይ ደርቃ ቀረች። ልጁ ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰዋል። ከዋና ከተማዋ ከቪላ ተነስታ እዚህ የደረሰችው ማዶ ባለችው ደሴት የባሏ አክስት ዘንድ ልትጠጋ ነው። ባሏ ሴልዊን አውስትራሊያ ፍራፍሬ ለቀማ ከሄደ ወዲህ የዋና ከተማው የቤት ኪራይ አልተቻላትም። የባሏ አባት ጋ እንዳትሄድ ደግሞ፣ ሰውየው ገና በሠርጋቸው ጊዜ «ያቺ የደቡብ ደሴቶች ሴት የቤቴን ደፍ አትረግጥም» ብሎ ምሏል። አባትና ልጅ ከተኳረፉ ቆዩ። እሷ መልኩንም ሆነ የሚኖርበትን አታውቅም።

እንግዲህ ዛሬ ያላት ይቺው ከተማ ናት። ከተማ ከተባለች።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ለአንድ አልጋ ሦስት ሺህ ቫቱ ጠየቃት።

«ለአንድ አዳር? አልጋውን ይዤው ልሄድ ነው እንዴ?»

«አጎበር አለው እኮ፣ እኅቴ።»

«አጎበሩ ይቅርብኝና ቀንስልኝ።»

«አጎበሩን ያወረድኩ እንደሆነ የወባ ትንኟ ናት የምትከፍለኝ?»

የቤተ ክርስቲያኑ ማረፊያ ለስብሰባ በመጡ እናቶች ተጣቧል፤ በረንዳው ሳይቀር ምንጣፍ በምንጣፍ ሆኗል። ዝናቡ ሊጥል ነው፤ ልጁ እንደ ፍም ይፋጃል።

ሊበተን ባለው ገበያ ውስጥ ስታልፍ አንዲት ጎደሬ የሚሸጡ እናት ጠሯት። እማማ ኤድና ይሏቸዋል።

«የኔ ልጅ፣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው? አምጪው እስቲ።»

ሳያስፈቅዱ መሸፈኛውን ገለጥ አድርገው ሕፃኑን ትክ ብለው አዩት። ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው።

«አባቱ ማነው?»

«ሴልዊን ይባላል። አውስትራሊያ ነው ያለው።»

ጎን ለጎን የተቀመጡት ሻጮች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። እማማ ኤድና ያልተሸጠውን ጎደሬ በጥድፊያ ቅርጫታቸው ውስጥ ከተቱና ብድግ አሉ።

«ለማደሪያ ከሆነ እኔ ጋ ነይ። ገንዘብሽን ለመድኃኒቱ ያዢው። ቤቴ ውስጥ ሕፃን ካለቀሰ ስንት ዘመኑ!»

ሌይማሪ በነፃ የሚሰጥ ነገር ቀልቧ አይወደውም። ሴትዮዋ ደግሞ መንገዱን ሁሉ ዞር እያሉ የሚያዩት ልጁን ነው፤ እሷን አይደለም። ግን ወዴት ትሂድ? ተከተለቻቸው።

ግቢው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ገጀራ ይዞ ቆሟል። እማማ ኤድና ቀደም ብለው ደረሱና በጆሮው የሆነ ነገር ሹክ አሉት። ሽማግሌው ክው አለ። ወዲያው ፊቱን አዞረ፤ ከመንገዱ ዘሎ ወረደና ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ እሳቸው?»

«ተይው፣ ሽማግሌዬ ነው። ዛሬ ጉድ ሆኖበት ነው» አሉ፣ ሳቅ እየተናነቃቸው።

በኮኮናት ወተት የተሠራ የጎደሬ ወጥ አቀረቡላት። አንዱ ጉርሻ ጉሮሮዋ ላይ ሳለ የሽማግሌው ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ መጣ።

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው» አሉ እማማ ኤድና።

«ነገም ጀልባው ባይሄድ ጥሩ ነበር።»

ሌይማሪ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ነገሩን በጨዋ ደንብ ላብርደው ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አባባ፣ ስላስጠጉኝ እግዜር ይስጥልኝ። ስሜ ሌይ—»

«ዝም አሰኚልኝ! ስሟን እንዳትነግረኝ!» ብሎ ጮኸ። የጮኸው በሚስቱ ላይ ነው።

ወጡ አፏ ውስጥ መረራት። ስሟን መስማት የማይፈልግ ሰው ምን ሊያደርጋት አስቦ ነው?

ሽማግሌው ቤት ውስጥ አልገባም። አልጋውን ለእሷ አስለቅቆ፣ ገጀራውን አጠገቡ አድርጎ ደጃፉ ላይ ተኛ። «ዛሬ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም» አሉ እማማ ኤድና፣ ደስ ብሏቸው። ሌይማሪ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም ብላ ነበር፤ ድካም አሸነፋት።

ስትነቃ ነግቷል። ክንዷ ባዶ ነው።

በባዶ እግሯ ወጣች። ሽማግሌው ግቢው ውስጥ ካለ ማንጎ ዛፍ ሥር ልጇን ታቅፎ፣ አፉን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሆነ ነገር ያወራዋል። ጮኸች። ሽማግሌው ቀና እንዳለ ልጁን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ፊቱን በእጁ ከልሎ፣ በዚያ ዕድሜው፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጫካ ገባ።

ልጇን አፈፍ አደረገችው። ግንባሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ትኩሳቱም በርዷል። እሷ ግን ይህን ልብ አላለችም። ወደ ወደቡ በረረች። እማማ ኤድና ከኋላዋ «ቁሚ! የኔ ልጅ፣ ቁሚ!» እያሉ ይሮጣሉ።

ወደቡ ላይ ሰው ተሰበሰበ። የጀልባው ነጂ መሃል ገብቶ ክንዱን ዘረጋ።

«ምን አደረጉሽ?»

«ሰውየው ልጄን ሊቀማኝ ነበር! ከመጣሁ ጀምሮ አንዴ እንኳ ፊቴን አላየኝም። ስሟን አትንገሩኝ ይላል። ሳያየኝ ልጄን ያቅፋል፣ ሲያየኝ እንደ ሌባ ጫካ ይገባል!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማማ ኤድና ትንፋሽ አጥሯቸው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። የጀልባው ነጂ ክንዱን ቀስ ብሎ አወረደ።

«እኅቴ፣ እዚህ አገር በወጉ ወንድ ለክብሯ ሲል እንዲህ የሚሸሻት ሴት አንድ ብቻ ናት፤ የገዛ ልጁ ሚስት።»