የመደቡ ድንጋይ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለችግኝ መደቡ ጠርዝ የሚሆን ድንጋይ ከቀብሩ ቦታ ተለቅሞ ይምጣ ብሎ ሲያዝ፣ አፍ አውጥታ የተናገረችው ኑርሀያት ብቻ ነበረች። «ያ ረቢ! ይሄማ ነውር ነው።»

«ሙት ድንጋይ ምን ያደርግለታል? ነገ ከአውራጃ ሰው ይመጣል፤ ተሸከሚ!» ብሎ አፈጠጠባት። ምን ታድርግ፣ ከሴቶቹ ጋር ተሸከመች።

ከሰዓት በኋላ መደቡ ጥቁር አፈርና ፍግ እስከ አፉ ሞልቶ አለቀ። ሊቀመንበሩ ሲዞር ማዕዘኑ ላይ አንዲት ነጭ ድንጋይ ዘንበል ብላ አገኘ። «ይችን ደግሞ ማነው እንዲህ ያንጋደዳት?» እያለ በከስክስ ጫማው ደጋግሞ መታት።

ኑርሀያት የእጇን አፈር አራግፋ ቀና አለች። «ቀስ ብለህ ምታት» አለችው። «አንተ ለቀብሯ ሳትደርስ፣ ባሌ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ተሸክሞ አምጥቶ እናትህ ራስጌ ያቆማት ናት።»