ከጀርባው እይ

ትርሲት በረንዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት የኦርኪድ አበቦች በማጉያ መነጽር መረመረች። «የከንፈራቸው መስመር አንድ ነው። አንዱ ይነቀላል።»

«ንቀያ!» አለች መንትያ እህቷ ዘርትሁን፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ሌላ ምን ታውቂያለሽ!»

ውሃ ጠፍቶ «ለአንድ ዝርያ አንድ ውሃ» የሚለው ሕግ ከወጣ ወዲህ ትርሲት እንጀራዋን የምትበላው የተመሳሰለውን እየነቀለች ነው። ቢላዋዋን ስታወጣ ዘርትሁን ክንዷን ጨመደደቻት።

«ዓይን ካለሽ ከጀርባው እዪ!»

ትርሲት እያጉረመረመች አበባውን አዞረችው። ከኋላው የጣት ያህል የረዘመ ቀጭን ጅራት ወርዷል። የሌላኛው ጅራት ግን ከጥፍር አይበልጥም። ሁለት ዝርያ ናቸው። ስንቱን እንዲህ ከፊት ብቻ አይታ ነቅላ ይሆን?

«እማዬ እኛን በምን ነበር የምትለየን?» አለች ዘርትሁን።

የትርሲት እጅ ሳታስበው ወደ ጆሮዋ ጀርባ ሄደ። እዚያ እህቷ የሌላት፣ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት አለች። ለውሃ ድርሻ ሰው የሚመዘግበው ሹም በመልክ ሲቆጥር፣ የሁለቱን ፊት ብቻ አይቶ «አንድ» ብሎ በትርሲት ስም ጻፋቸው። እሷም ይህንን ሥራ ከእሱ ትፈልግ ነበርና አንገቷን አዙራ አላሳየችውም።

የሥራ መዝገቧን ገልጣ ለአበቦቹ «ሁለት» ብላ ጻፈች። ከዚያ የዕለት ውሃዋን በጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ እንደ ወትሮው ግማሹን ጠጣችና የቀረውን ለእህቷ ዘረጋች።

ዘርትሁን ጠርሙሱን ገፋችው።

«አበባ ማዞር አልከበደሽም» አለች። «የከበደሽ አንገትሽ ነው።»