የጅብ ጥላ

ጃፓን ድረስ የመጣሁት ተራራውን ልጎበኝ እንጂ ልመረዝ አልነበረም። በገጠር ቤታቸው ያሳደሩኝ ባልቴት ሁለት ባለክዳን የሾርባ ሳህኖች አመጡ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው። ንግግራቸውን ስልኬ ተረጎመልኝ።

«ብላ ልጄ፤ ዛሬ ከተራራው የለቀምኩት እንጉዳይ ነው።»

እኛ ሰፈር የጅብ ጥላ ብለን በካልቾ የምንጠልዘው! ደግሞስ በእኛ ወግ ያቀረበ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። እኚህ ግን ፈገግ ብለው ያዩኛል።

«እርስዎም ይቅመሱልኝ እንጂ!»

«ያንተ ነው፤ አንተ ብላ።»

ይሄኔ ጥርጣሬዬ ባሰ። ሻይ ሊያመጡ ጓዳ ሲገቡ ሳህኖቹን ቀያየርኳቸው።

ተመልሰው ተቀመጡና ፊታቸው ያለውን ከፈቱ። እስከ አፉ እንጉዳይ ሞልቶበታል። ቀና ብለው አዩኝ።

የእኔን ከፈትኩ። ትኩስ ውሃ ላይ አንዲት የጎመን ቅጠል ተንሳፍፋለች።