ቤት የሚቀረው ወረቀት

ቀያሹ የተራራውን ካርታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከዘረጋው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቤተሰቡ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መብላት ለምዷል።

ሚስቱ ወዴት እንደሚኬድ ጠየቀችው። አስፋልት የሌለበትን የተራራ መንገድ ይዞ ከሸንተረሩ ማዶ እንደሚወረድ፣ አራት ቀን እንደሚፈጅ፣ ተጓዡም አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገራት። ለምን አንድ ብቻ አለችው። መሬቱ ክፉ ነው፣ ጭነት አይወድም አላት። የሚደብቀው ነገር ሲኖር እርሳስ ይቀርጻል። እየቀረጸ ነበር።

እሷ የጤና ጣቢያ መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ናት። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት የጣቢያውን መኪና እየነዳች ክትባት ስታደርስ ኖራለች። ታናሹ ልጅ ሲወለድ ቢሮ ገባች። ጣቢያው መኪናዋን በጨረታ ሲሸጥ ቅድሚያው ለሠራተኛ ስለነበር በእሷ ስም ገዟት፤ ባሏ ሥራ ይመላለስባታል። በዚያ ሰሞን አንድ ምሳ ላይ፣ ያንን ሸንተረር ሳልሻገረው ቀረሁ ብላ ነበር። ባሏ ጨው እንድታቀብለው ጠየቃት።

ስለዚህ አሁን ምክር የሚጠይቀው እሷን ነው። ቁልቁለት ላይ ምን ይደረጋል? በአንደኛ ማርሽ ነው፣ ፍሬን ላይ አይተኛም አለችው። ወንዝ ሲገጥምስ? ወርዶ በእግር መለካት ነው። እሱ ይጽፋል። በማግሥቱ ያንኑ መልሶ ይጠይቃታል። አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ጎማ አስቀየራትና ሰዓቱን አይቶ፣ "ሃያ ሁለት ደቂቃ። ይሻሻላል" አላት። እጇን በጋዝ እየታጠበች፣ የባሏን ሽርሽር ላብ በላብ ሆና የምታሰናዳ ሌላ ሚስት ትኖር እንደሆነ አሰበች።

ነገሩ መልክ የያዘው ጋራዥ ውስጥ ነው። ባሏ የረሳውን የመኪናዋን ደብተር ልታደርስ ስትሄድ፣ መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር እንደተጋደመ ወሬ ጀመረ።

"እህቴ፣ ባልሽ የሾፌሩን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደፊት አስጠጋው አለኝ። ጉልበቱን የት ሊያደርገው ነው?"

ባሏ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። እሷ ደብተሩን ሞተሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እስከ ቤቷ ድረስ የምታውቃቸውን አጫጭር ሴቶች ስትቆጥር ሄደች።

ቀያሾች አንድ ልማድ አላቸው። ሰው ብቻውን ተራራ ሲገባ አንድ ወረቀት ቤት ይቀራል። ማን፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደሚደውል፣ ድምፁ ከጠፋም መቼ እርዳታ እንደሚላክ ይጻፍበታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ባሏ ለሥራ በወጣ ቁጥር ወረቀቱን የያዘችው እሷ ናት። አንዱንም አልጣለችም፤ ሁሉም መሳቢያዋ ውስጥ አሉ።

የዚህኛውን አልሰጣትም። ጠየቀችው።

"ደህና ሰው ጋ ነው" አለና እርሳሱን አነሳ።

ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷ ጋ ጎራ አለች። ወረቀቱ ከስፌት መኪናው አጠገብ ነበር፤ የባሏን የእጅ ጽሑፍ ገና ከበሩ አወቀችው። እህቷ ቁራጭ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። ከዚያ ብድግ ብላ ሳትጠየቅ ሜትሯን በታላቋ ወገብ ላይ አዞረች። ብርድ ስለመጣ ወፍራም ሱሪ እሰፋልሻለሁ አለቻት። የምትሰፋው ሕሊናዋን ነው ብላ አሰበች ታላቋ። እጇን እያነሳች ስትለካ እህቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ለመድረስ በርጩማ የምትፈልግ ሴት ናት። እናታቸውም እንደዚያው ነበሩ።

አርብ ጠዋት መኪናዋን ከጋራዥ አወጣቻት። አንድ የግንባታ ተቋራጭ ይህቺን መኪና ሽጪልኝ እያለ ዓመት ሙሉ ሲጨቀጭቃት ነበር። በስሟ ስለሆነች ሌላ ፊርማ የጠየቀ የለም። ሰውየው ከነጄሪካኖቹ፣ ከነገመዱ፣ ከነሁለቱ ተጠባባቂ ጎማዎች ነድቷት ሄደ። በመስተዋቱ እጁን አውለበለበላት። እሷም አውለበለበች።

ከዚያ በቀጥታ ልብስ ስፌት ቤቱ ገባች።

"እትዬ፣ ምነው ፊትሽ?" አለቻት እህቷ።

"መቼ ነው የምትሄዱት?"

"እነማን?"

"መኪናዋን ሸጫታለሁ። በእግራችሁ ሂዱ።"

እህቷ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። ታላቂቱ ግን ገና መጀመሯ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እህት እንደሌላት፣ በሯን እንዳትረግጥ፣ ልጆቿንም አክስት እንደሞተችባቸው እንደምትነግራቸው አንድ በአንድ ነገረቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየመረጠች ነበር። በመጨረሻ ያሰበችውን ሁሉ ጨርሳ፣ ያላሰበችውን ተናገረች።

"ስትታመሚ በማንኪያ ያጎረስኩሽ ለዚህ ነው?"

እህቷ አልተቆጣችም። ይህ ይበልጥ አናደዳት። ታናሿ ቁራጩን ጨርቅ ገልጣ ወረቀቱን አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠቻት።

"እስከ እሁድ አፌን እንድይዝ አስምሎኝ ነበር" አለች።

የመጋዘን ሰው ሰነድ የሚመረምረው ከታች ነው፤ ማጭበርበር የሚደበቀው እዚያ ስለሆነ። ከታች ጀመረች። ስልክ የሚጠብቁ፦ ባልና እህት። እርዳታ የሚላከው፦ ድምፅ በጠፋ በስድስተኛው ሰዓት። ውሃ፦ አርባ ሊትር። ተሳፋሪ፦ የለም።

ከላይ፣ ሾፌር ከሚለው ፊት ለፊት፣ በባሏ የተጣራ ጽሑፍ የራሷ ስም ከነአባቷ ሰፍሮ ነበር።